ለዥዋዥዌው የሰፋሁት ልብስ

በዕድሜዬ ብዙ ጨርቅ ሰፍቻለሁ። የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የበርበሬ ከረጢት፣ ምኑ ቅጡ። ከዚያ ሁሉ መካከል እንከን የማላወጣለት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለባለቤቴ ለታደሰ የሰፋሁት የዝናብ መከላከያ ነው። አንዲት ጠብታ ውሃ አላሳለፈም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። እስቲ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ፣ ምላሴ ከመርፌዬ የሚፈጥን የዲላ ልጅ ነበርኩ። ወላጆቼ ከሸዋ መጥተው ዲላ የተቀመጡ ናቸው፤ እኔ እዚያው ተወልጄ እዚያው አደግኩ። ነገር ግን ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ ያለፈ ጌዴኦኛ አልችልም ነበር። ታደሰ የጌዴኦ ገጠር፣ የኮንጋ ልጅ ነው፤ ጌዴኦኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራል። «ባልሽ በሁለት ቋንቋ ይሰድብሻል፣ አንቺ በአንዱ ብቻ ትመልሻለሽ» እያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። ታደሰ ግን ተሳዳቢ አልነበረም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቱ የሚያስቸግረው፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር።

በዚያን ጊዜ ከዲላ ወደ ቡሌ መኪና አይወጣም። ቡሌ ደጋ ነው፤ ገብስና ቀርከሃ የሚበቅልበት፣ ጉም ከበላዩ የማይነሳ አገር። መውጣትም መውረድም በእግር ወይም በበቅሎ ነበር። ታዲያ መንገድ ሊቀይሱ ሰዎች መጡና ታደሰ ሜትር ያዥ ሆኖ ተቀጠረ። የቀያሾቹ አለቃ ፈረንጅ ነው። ይህ ፈረንጅ ከመሬቱ ጭቃና ከጎጆው ቁንጫ ሸሽቶ፣ በሁለት ዛፍ መካከል የሚታሰር የሸራ አልጋ ላይ ነበር የሚተኛው። ሠራተኞቹ አልጋውን «ዥዋዥዌ» አሉት። ረዳቱ የነበረው ሌላ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የእሱ ዥዋዥዌ ለታደሰ ደረሰው።

ለእረፍት ወደ ቤት ሲወርድ ገና ከበሩ ጠየቅሁት።

«እህሳ፣ ዥዋዥዌው ተመቸህ?»

«እንቅልፉ ማር ነው። ብርዱ ግን ከታች ነው የሚመጣው። ከላይ ሁለት ጋቢ ደርቤ ወገቤን ይበርደኛል። ነፋሱ በጀርባዬ ሥር ነው የሚያልፈው።»

«ታዲያ እንደ ሰው መሬት ላይ አትተኛም?»

«መሬቱ ጭቃ ነው፤ ጎጆው ውስጥ ደግሞ ቁንጫ አለ። የቡሌ ቁንጫ ደመወዝተኛን ለይቶ ያውቃል» አለና ሳቀ። ሳቁ መጨረሻው ላይ ወደ ሳል ተለወጠ።

ሳሉን አልወደድኩትም። «ይቅርብህ ይሄ ሥራ» አልኩት። እሱ ግን ቅየሳው ሲያልቅ በቋሚነት እንደሚቀጥሩት ቃል ገብተውለት ነበርና እንቢ አለ። መከራከሩ ዋጋ እንደሌለው ሳውቅ፣ ሥራውን ማስተው ካልቻልኩ ከብርዱ አስጥለዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ሸራ ያስፈልገኝ ነበር። የቡና መኪና ያላቸው ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ጎረቤታችን ነበሩ። መጋዘናቸው ጥግ የተጣለ አሮጌ የመኪና ሸራ አይቼ ስለነበር ሄጄ ለመንኳቸው።

«ድንኳን ልትተክዪ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«የለም ሐጂ፣ ባሌን ላለብሰው ነው።»

ሳቁ። ታደሰ ደጋ ላይ እንዴት እንደሚተኛ ስነግራቸው ሳቁን ትተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሰጂው ልጄ፤ አላህ ያሙቀው» አሉ።

ዥዋዥዌውን በግቢያችን ዋንዛና በበረንዳው ቋሚ መካከል ወጠርነው። ዥዋዥዌውን ከነሰውየው የሚሸፍን እንደ ከረጢት ያለ ልብስ ልሰፋ ታደሰን አስተኝቼ በራሱ ሜትር ከራስ እስከ እግሩ ለካሁት። «እኔ ለመንግሥት መንገድ እለካለሁ፣ አንቺ እኔን ትለኪያለሽ» እያለ ያሾፍብኛል። ሲበቃው ግን ቆም ብሎ «ፊቴን እንዳትሸፍኚው። እንደ ተከፈነ ሰው አልተኛም» አለኝ።

«ዝናብ በአፍንጫህ ይግባልህ?»

«ይግባ።»

በመጨረሻ ተስማማን። ፊቱ ላይ የሚከደን፣ በእንጨት ቁልፍ የሚቆለፍ ክዳን ሠራሁለት፤ ሲያሻው ወደ ኋላ ይገልጠዋል። የታችኛውን ክፍል ድርብ አደረግኩትና በሁለቱ ሸራ መካከል ጥጥ ሞላሁበት። ጥጡን ያወጣሁት ከሠርጋችን ፍራሽ ነው። እናቴ መጥታ ፍራሹ ተፈትቶ ስታየው ጮኸችብኝ።

«አንቺ በምን ልትተኚ ነው?»

«እኔ ግማሹ ይበቃኛል። ግማሹ ሰው እዚያ ነው ያለው።»

በእጅ የሚዞረው የስፌት መኪናዬ ሸራውን አልቻለውም። መርፌ እየሰበረ ሲያስቸግረኝ በጆንያ መርፌ በእጄ ጨረስኩት፤ አውራ ጣቴ ቆስሎ ሰነበተ። ስፌቱን አንድ በአንድ በሰም አሸሁ፣ በላዩ የከሰል ካውያ አሳልፌ ሰሙን ወደ ክሩ አቀለጥኩት። አንገቱ ላይ ደግሞ የሚያጠብቅ ገመድ አስገባሁ። አንዱ ጫፍ ውስጥ ነው፣ ተኝቶ እያለ በእጁ እንዲስበው፤ ሌላው ጫፍ ውጭ ይንጠለጠላል።

ሲያልቅ ውስጡ አስገብቼ ቆለፍኩበትና አንድ እንስራ ውሃ አፈሰስኩበት። እናቴ «ኧረ በሥላሴ ስም!» ትላለች።

«ገባ?» ብዬ ጮህኩ።

መልስ የለም። ደነገጥኩና የውጭውን ገመድ ሳብኩ። ከውስጥ ሁለት ጊዜ ስቦ መለሰልኝ። ክዳኑን ስገልጠው ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። «ደረቅ ነኝ። ይሄ ገመድ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ደወሌ ነው፤ ስስበው ገንፎ ይምጣልኝ» አለኝ።

ልብሱን ጠቅልሎ፣ በበቅሎ ጭኖ ወደ ደጋው ተመለሰ። በግማሽ ፍራሽ ላይ ስተኛ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከታደሰ ጋር የሚሠራ አበበ የሚባል ሰው በቅሎ እየሳበ ግቢያችን ደረሰ። «ታደሰ ትንሽ አሞታል» አለኝ።

የእኛ አገር ሰው «ትንሽ» ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ ታውቃላችሁ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ነጠላዬን ደርቤ፣ በዚያችው በቅሎ ቀኑን ሙሉ ስወጣ ዋልኩና ማምሻውን ደረስኩ።

ታደሰ የሰፋሁለት ልብስ ውስጥ፣ ዥዋዥዌው ላይ ነበር። ግንባሩ ይፋጃል። ትንፋሹ አጭር ነው፤ ሲተነፍስ ጎኑን ይይዛል። አይቶኝ ለመሳቅ ሞከረ።

«መጣሽ? ልብሱ እኮ ይሠራል። ሞቆኛል።»

«ሞቆህ ነው እንዲህ የታመምከው?»

«ሲመሽማ ሞቆኝ ነው የማድረው። ቀን ግን ሜትር ይዤ ወንዝ ውስጥ ነው የምቆመው። ለዚያ ልብስ አልሰፋሽልኝም።»

አለቃው አዲስ አበባ ሄዷል። ባልደረቦቹ በሣጥናቸው ውስጥ የነበረውን ክኒን ሰጥተውታል፤ አልበጀም። ሳንባ ምች እንደሆነ ሁሉም ተስማማ። ዲላ ሐኪም ቤት ደርሶ መርፌ ከተወጋ ይድናል፤ ካልደረሰ አይድንም። ነገሩ ይኸው ነበር። የሚደርስበት መንገድ ደግሞ ገና በእነ ታደሰ ሜትር እየተለካ ያለው መንገድ ነው።

በማግስቱ ገና ሲነጋ የአካባቢው ወንዶች ተሰበሰቡ። ማንም አልጠራቸውም፤ ታማሚ አለ ሲባል ሰምተው ነው የመጡት። መሪያቸው ጂግሶ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ዥዋዥዌውን ከነልብሱ፣ ከነታደሰ፣ ጠንካራ የባሕር ዛፍ አጠና ላይ አሰሩት። በዚያ አገር ታማሚ የሚወርደው በቅብብል ነው። የአንዱ መንደር ሰው ለሚቀጥለው መንደር ያስረክባል፤ በመንገድ የሚያገኝህም ሰው ሸክሙን አስቀምጦ ትንሽ ትከሻውን ሳያውስህ አያልፍም። አባባ ጂግሶ ግን ለማንም አላስረከቡም። ከታደሰ ራስ በኩል፣ ከኋላ፣ አጠናውን ይዘው ቀሩ።

ዝናቡ ከመነሻችን ጀመረ። እኔ ከጎኑ እሄዳለሁ። ክዳኑ ወደ ኋላ ተገልጦ ፊቱ ክፍት ነው፤ ዝናቡን በነጠላዬ እከልልለታለሁ። አንድ ወንዝ ስንሻገር ሰዎቹ አጠናውን ከፍ ሲያደርጉት ፊቱ ከዓይኔ ጠፋና ገመዱን ሳብኩ።

«ታደሰ፣ ሞቆሃል?»

ሁለት ጊዜ ተሳበልኝ።

«ገንፎ አልያዝኩም!» አልኩት። ከላይ የሳቁን ቁራጭ ሰማሁ፤ ሳል ተከተለው። ሰዎቹም ባይገባቸውም አብረው ሳቁ። የሚያገኘን መንገደኛ ሁሉ «እንዴት ነው?» ይላል፣ አባባ ጂግሶ «ደህና ነው፣ ይደርሳል» ብለው ይመልሳሉ።

ከዚያ ወደ ቀርከሃው ገባን። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ፣ ግራና ቀኙ ቀርከሃ የተጋጠመበት ቁልቁለት ነው። አባባ ጂግሶ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይምና፣ ለእኔም «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

«ልጄ፣ መንገድ ጠባብ ነው። አንተ ፊት ሂድ።»

ወደ ፊት አለፍኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ የእግር ኮቴው ቆመ። በጌዴኦኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ሰማሁ። ዞሬ ባይም ቀርከሃው ጋርዶኛል። «ምን ሆናችሁ?» ብዬ ጮህኩ። «ትከሻ እየቀየርን ነው፤ ሂድ» አሉኝ። ሄድኩ።

ከቀርከሃው ሲወጡ ጠበቅኋቸው። የፊቱ ክዳን ወርዶ በቁልፎቹ ሁሉ ተቆልፏል።

«ለምን ዘጋችሁት? ፊቱ ሲሸፈን አይወድም!»

«ዝናብ በረታ፣ ልጄ። እሱ ተኛ። አሁን ነው የተኛው።»

«ትንፋሽ ያጥረዋል እኮ፤ እስቲ ልየው።»

እጄን ወደ ቁልፉ ስሰድ ሽማግሌው በመዳፋቸው ያዙት። መዳፋቸው ሻካራና ትልቅ ነበር። «ብርድ ይገባዋል። አትክፈት። እንቅልፍ ጥሩ ነው ለታማሚ» አሉኝ። ሌሎቹ ሰዎች መሬት መሬቱን ያያሉ።

አመንኩ። ደግሞ ለምን አላምን? እንቅልፍ አጥቶ ነው ያደረው። ያም ሆኖ ልቤ አላርፍ ብሎ ገመዱን ሳብኩ። ምንም የለም። ሦስት አራት እርምጃ ሄደን ገመዱ በእጄ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ በዝግታ ተሳበ። እፎይ አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር አፍ አውጥቶ ይነግረኝ ነበር። አንድ ወጣት ከመካከላቸው ተነጥሎ ቁልቁል ሮጠ፤ «ዲላ ቀድሞ ሊናገር ነው» አሉኝ፣ እኔ ለሐኪሙ መሰለኝ። የሚያገኘን መንገደኛ ሸክሙን አስቀምጦ ትከሻውን ያበድራል፣ ነገር ግን «እንዴት ነው?» የሚል ሰው አልነበረም። ቆብ ያደረገው ያወልቃል። እኔን ሲያዩ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ጨዋነት ነው ብዬ ነበር የገመትኩት።

እኔ ግን አፌን ከፍቼ አወራ ነበር። ገመዱን ይዤ፣ ከሸራው ጎን ጎን እየሄድኩ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት አወራሁት። እናቴ ስለ ፍራሹ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈች ነገርኩት። ሐጂ ሰይድ ሌላ ሸራ ቢሰጡኝ ለጓደኞቹም እንደምሰፋ ነገርኩት። ሲድን ጌዴኦኛ እንዲያስተምረኝ፣ ቢያንስ ሰዎች ከኋላዬ የሚያወሩትን እንድሰማ ለመንኩት። እንሰቱ አልቆ የቡናው ጥላ ሲጀምርና ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ፣ በትዳራችን ዘመን አንድም ቀን ከአፌ ያልወጣ ቃል ወጣኝ። እኛ ዘንድ ባልና ሚስት እንዲህ አይባባልም፤ ቢባባልም ሰው በተሰበሰበበት አይደለም። ነገር ግን ከሸራ ጋር ሲያወሩ ሐፍረት የለም።

«ታደሰ፣ እወድሃለሁ እኮ» አልኩት።

ገመዱ ተሳበ። ሁለት ጊዜ።

ዲላ ስንገባ ከሰዓት ነበር። ወደ ሐኪም ቤቱ የሚወስደው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ሰዎቹ አልፈውት ቀጥታ ሄዱ።

«በዚህ ነው! ሐኪም ቤቱ በዚህ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«እናውቃለን፣ ልጄ» አሉ አባባ ጂግሶ። አልቆሙም።

ዲላ ወደሚኖረው የታደሰ ታላቅ ወንድም ግቢ ዞሩ። ደጁ ላይ ሰው ቆሟል። ከሰዉ ፊት እናቴ ነበረች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

ከዚያ ወዲያ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም። ወደ ዥዋዥዌው ዘልዬ ቁልፎቹን በጣጠስኳቸው፤ እጄን የያዘኝ አልነበረም። ፊቱ ሰላም ነው። ደርቋል። ጸጉሩ ደርቋል፣ አንገትጌው ደርቋል። ያን ሁሉ ዝናብ አንዲት ጠብታ አላስገባሁበትም። ሴቶቹ ወገቤን ይዘው ከዚያ እስኪያነሱኝ ድረስ ይህንኑ ነበር እየደጋገምኩ የምጮኸው፦ «ደረቅ ነው! ኧረ ደረቅ ነው!»

ታደሰ የሞተው ቀርከሃው ውስጥ ነበር።

መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሟች ቤቱ ሳይደርስ፣ እናት ወይ እህት አጠገቧ ሳትቆም፣ ለሚስት በቁልቁለት መሃል «ባልሽ ሞተ» ማለት ነውር ነው። ይህን ወግ እኔም አውቀዋለሁ፤ በሌላ ሰው ላይ ሲሆን አብሬ አድርጌውም አውቃለሁ። በራሴ ሲደርስ ግን አልቻልኩትም። ያን ሁሉ መንገድ ከሬሳ ጋር አወራሁ፣ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ አበድኩ። አባባ ጂግሶ ለቅሶ መጥተው «እግዜር ያጥናሽ» በሚባልበት ሰዓት ፊቴን አዞርኩባቸው። በእግራቸው ወደ ቡሌ ተመለሱ። የገመዱን ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። የመጨረሻው የገመዱ መሳብ ለብቻዬ እንደ እሾህ ውስጤ ቀረ። እሱ ሞቷል፤ ታዲያ ማን ነው የመለሰልኝ?

መንገዱ ከዓመታት በኋላ ወጣ። ታደሰ የለካውን ቁልቁለት መኪና ወረደበት። እኔ ሌላ አላገባሁም። በረንዳ ተከራይቼ የስፌት መኪናዬን አስቀመጥኩና በሱ ኖርኩ። ከደጋ የሚመጡ ሰዎች የቃሬዛ ሽፋን እንድሰፋላቸው ይጠይቁኝ ጀመር፤ ወሬው እንዴት እንደ ደረሳቸው አላውቅም። እሰፋላቸዋለሁ። ስፌቱን በሰም አሻለሁ፣ ታቹን ድርብ አደርጋለሁ። ፊቱን ግን አልዘጋም። እንደ ቆብ ጠርዝ ወጣ ያለ ጥላ ብቻ እሠራለታለሁ። «ክዳን ይኑረው» የሚል ደንበኛ ሲመጣ «ሌላ ሰፊ ፈልግ» ብዬ እመልሰዋለሁ። ግትር ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው።

እናንተስ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትመርጡ ነበር? ቀርከሃው ውስጥ ቢነገረኝ ኖሮ እዚያው ጭቃው ላይ ወድቄ፣ የማላውቀው ቋንቋ መሃል አለቅስ ነበር። ስላልተነገረኝ ደግሞ እስከ ዲላ ድረስ ባል ነበረኝ። የትኛው እንደሚሻል ዛሬም ቁርጡን አላውቅም። የማውቀው ዛሬ የታመመ ሰው አጠገብ ስቆም የምለውን ቃል ለማግስቱ እንደማላሳድር ነው። ለሰው ሁሉ ይህንኑ እመክራለሁ፤ ፊቱ ሳይከደን ንገሩት።

አንድ ቀን ገበያ ደርቶ ሳለ፣ በእርጅና የጎበጡ ሰው የተቀደደ ኮት ይዘው በረንዳዬ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ የለየሁት መዳፋቸውን ነው። ወንበር ሰጠኋቸው። ኮቱን ተቀብዬ መስፋት ጀመርኩ።

«ያኔ ገመዱን የሳብኩ እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

መርፌዬ ቆመ። «ለምን?» አልኳቸው።

«አንተ ታወራለህ፣ እሱ ዝም ይላል። ሆዴ አልቻለም።» ኮታቸውን እያዩ ነው የሚናገሩት። «ቀርከሃው ውስጥ ፊቱን ስንከድን እጁን ደረቱ ላይ ልናደርግ ብለን አልሆነም። ገመዱን ጣቱ ላይ ጠምጥሟል፤ አጥብቋል። እንፍታ አልን፣ አልለቅም አለ። ተውነው። እኔ የሳብኩት ከእጁ በላይ፣ አንገቱ ጋ ያለውን ነው።»

እንባዬ ኮቱ ላይ ሲወርድ አዩና በዚያ ሻካራ መዳፋቸው እጄን ያዙ። በዚህ ጊዜ እጄን አላስለቀቅኋቸውም።

«የሳብኩ እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «የያዘ ግን እሱ ነው።»